የእንግዳ ውሃ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እኅቴ ለእትዬ በለጠች፤

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መንገድ ላይ ያስቀምጥሻል? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነላት? ጋሽ ወልደ ማርያምስ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የድሬን ሙቀት ግን አትጠይቂኝ፤ እንደ ቅቤ እየቀለጥን ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ «ጉድ ሆኛለሁ፣ ጸልዩልኝ» ብቻ ብዬ በመላኬ እንቅልፍ እንዳጣሽ ጽፈሽልኛል። ቁጣሽም ደርሶኛል፣ ይገባኛል። ያኔ ዝርዝሩን ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ እፎይ ብያለሁና ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ ከአሸዋው ወንዝ ማዶ ከጦርነቱ ወዲህ የተመሠረተ መንደር አለ። ከተማው በየዓመቱ ይሰፋል፤ ቤት ይሠራል፣ ሽንት ቤት ይቆፈራል፣ የውሃ ጉድጓዱም እዚያው አጠገቡ። ጤና ጥበቃ እኛን የውሃ ምርመራ ሠራተኞቹን የመንደሩን ሰባት ጉድጓዶች አጥኑ አለን። ውሃው የተበከለ ከሆነ ቧንቧ ሊገባላቸው፣ ንጹሕ ከሆነ ቧንቧው ለሌላ ሠፈር ሊሄድ ነው። ናሙናው ማንም ሳይቀዳ ገና ጎሕ ሲቀድ መወሰድ አለበት፤ እኛ ደግሞ በሰዓት እላፊው ምክንያት በዚያን ጊዜ መንቀሳቀስ አንችልም። እኔ ብልጧ ታዲያ የተቀቀሉትን ጠርሙሶች ከሰዓት በኋላ ለመንደሩ ሴቶች አድዬ በማግስቱ ጠዋት ሰበሰብኩ። ውሃ ሙሉልኝ ከማለት በቀር ለምን እንደሆነ አላስረዳኋቸውም።

ውጤቱ ሰባቱም ንጹሕ ሆነ! የጥናቱ ኃላፊ ጓድ ዘገዬ አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ።

ሪፖርቱ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠርሙስ ከሰጠኋቸው ሴቶች አንዷ ሃሊሞ ቤት ጎራ አልኩ። ሦስት ቋንቋ ባንድ ትንፋሽ የምትቀላቅል ሳቂታ ሴት ናት። ስድስት ዓመት የሆናት ልጇ ቱሪያ በጣሳ ውሃ ብታቀርብልኝ ሃሊሞ ብድግ ብላ ነጠቀቻትና «አቦ! የጉድጓድ ውሃ ለሰው ይሰጣል? የእንግዳውን አምጪ!» አለቻት። ለካ በየቤቱ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የቦኖ ቧንቧ የሚመጣ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚቀመጥ ውሃ አለ። ጠርሙሱን ከየትኛው እንደሞላችው ብጠይቃት ሳቀችብኝ። «ዋላሂ፣ መንግሥት ውሃሽን ስጪኝ ብሎ ጠርሙስ ሲልክ ያንን ድፍርስ ልሰጠው ነው? ጎረቤቶቼም ያደረጉት እንደኔው ነው። እኛም እኮ ነውር እናውቃለን» አለችኝ።

እትዬ፣ ለአንቺ አልዋሽም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። የፈረምኩበትን ወረቀት ይዘው አሻጥር ነው ቢሉኝስ? በስንት ትንሽ ነገር ስንት ሰው እንደጠፋ አንቺም ታውቂያለሽ። በአራተኛው ቀን ቱሪያ በተቅማጥና በትውከት ዝላ ሆስፒታል መግባቷን ሰማሁ። ሄጄ ሳያት ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሃሊሞ ስታየኝ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እንዴት ብዬ ልቀመጥ! ከሆስፒታሉ በቀጥታ ጓድ ዘገዬ ቢሮ ገብቼ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ይጮህብኛል ስል መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አንቺን ብሆን መጥቼ እናገር ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እየጠየቅሁ ነው» አለኝ። ከዚያ ሪፖርቱን ከፖስታው አውጥቶ ቀደደው። ቱሪያ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አብዱላሂ በመንደሩ እንዳድር ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሃሊሞ ቤት አድሬ ጎሕ ሲቀድ ከሰባቱም በገዛ እጄ ቀዳሁ። አምስቱ የማይጠጡ ሆነው ተገኙ። ውሃ ተበከለ ሲባል እልል ያለ ሰው ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም!

ባለፈው ማክሰኞ የቧንቧው ቁፋሮ ተጀመረ። እስኪያልቅ ድረስ ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ በየቤቱ እየዞርኩ ነግሬያለሁ፤ አሁንስ ምክንያቱንም እስኪሰለቻቸው አስረድቻቸዋለሁ። ቱሪያ ድና የቁፋሮው አፈር ላይ ስትዘል ትውላለች፤ እናቷም ስትጮህባት ትውላለች። እኔንም እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም። እንዲያውም የቢዮ አዋሌንና የዋሂልን ጉድጓዶች አንቺው ነሽ የምታጠኚው ተብያለሁ። ስለዚህ ሥራውን ትተሽ ነይ ያልሽኝን ለጊዜው ተይልኝ።

ለጋሽ ወልደ ማርያም ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሹን ሁለቴ። ለጎረቤታችን ለእማማ አስካለማርያም ጤና ይስጥልኝ በያቸው። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት ግን የሦስቱን ቀን ነገር ዝለዪው፤ ልጄ እውነቱን ተናገረች ብላ ደስ ይበላት። ያቺ ልጅ ባትታመም ኖሮ እናገር እንደነበር እኔ ራሴ አላውቅም፤ ይህንን አንቺ ብቻ ያዢልኝ።

ታናሽ እኅትሽ ሰርካዲስ
ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.