ዲስኳን የደበቀችው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬም ያው። ጠዋት ስገባ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ካልሲ ካልሲ ይሸታል። መስኮት የሚከፍት ሰው ጠፍቶ... እኔው ከፈትኩ።

አርባ አዲስ ኮምፒውተር ባዶ ሆዳቸውን ተደርድረዋል። አንዷን «እናት» ብዬ መርጬ ፕሮግራሙን ሁሉ ጫንኩባት። ከእሷ ላይ ኢሜጅ፣ ማለትም የዲስኳ ሙሉ ቅጂ፣ ይወሰድና ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኔትወርክ ለሌሎቹ ይታደላል። ወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሥራ። ተማሪዎቹ የሚፈተኑት ሰኞ 16 ነው።

ለቅጂ የሚያዘጋጃትን ፕሮግራም አስኬድኩ። የራሷን ስምና መለያ ከላይዋ አራግፎ ያጠፋታል። ጠፋች። አበራኋት፣ እንደ አዲስ ስም ጠየቀችኝ፣ ሞላሁላት፣ ሁሉም በቦታው መሆኑን አይቼ መልሼ አጠፋኋት። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። ከዚያ በራሷ ዲስክ ሳይሆን ከሰርቨሩ በኔትወርክ አስነስቼ ኢሜጅ ልወስድ ስል... የትኛውን ዲስክ ልውሰድ ብሎ የሚዘረዝርበት ሳጥን ባዶ። ሲ ድራይቭ የምንለው ዋናው ዲስክ የለም። ምንም የለም።

ኤጭ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዲስክ ቀየርኩ። እንደገና ጫንኩ፣ አዘጋጀሁ፣ አብርቼ አረጋገጥኩ... ባዶ። ቀኑ እንደ ዘበት ሄደ።

አለቃችን መጣ። «ነገ ጠዋት» ነው የምንለው፣ ሁሉን ነገር «ነገ ጠዋት ይድረስልኝ» ስለሚል። ጆሮዬ ሥር ቆሞ ማስቲካውን ያላምጣል፣ ምራቁ ሁሉ ይሰማል። ቋቅ ሊለኝ ደረሰ። ምንድነው ችግሩ አለኝ። እያጣራሁ ነው አልኩት። ነገ ጠዋት ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ኬብሉ ነው። ኬብሉ መሆን አለበት። ኢሜጁ በምን ሊያልፍ ነው ታዲያ?

የክፍሉን ኬብል የዘረጋው ማን ነው? የሚስቴ ታናሽ ወንድም። እኔው ራሴ ያስገባሁት። የሙከራ ጊዜው ዓርብ ያልቃል፣ ከዚያ ቋሚ ትሆናለህ ተብሏል። እስከዚያ የኛ ሶፋ ላይ ይተኛል። ፎጣዬን ይጠቀማል! እርጥቡን ጨብጦ ወንበር ላይ ይወረውረዋል። ሰው እንዴት የሰው ፎጣ ፊቱ ላይ ያደርጋል? ለሚስቴ ስነግራት ሳቀችብኝ።

ጠርቼ ጠየቅኩት። ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ፈትሻለሁ አለ። ይባስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ እኮ እዚያው ሳጥኗ ውስጥ ነው፣ ኬብል ምን አገናኘው?» አለኝ። ገመድ ጎታች ስለ ኢሜጅ ሊያስተምረኝ! አንተ ገመድህን ጎትት አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ራሱ ያንገሸግሸኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ለአራተኛ ጊዜ ባዶ።

«ነገ ጠዋት» መጥቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ አለ። ጻፍኩ። «የኔትወርክ ዝርጋታው ጉድለት ስላለበት ሥራውን ማጠናቀቅ አልተቻለም።» ስም አልጠቀስኩም። ግን... ዝርጋታውን የሠራ ሌላ ሰው አለ እንዴ?

ፈርሜ ሰጠሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አሰናበቱት። ቋሚነቱ ቀርቶ ጭራሽ ከግቢ ውጣ ተባለ። በር ላይ የመሣሪያ ሳጥኑን አስከፍተው እንደ ሌባ ፈተሹት። ከመስኮት ሆኜ አየሁ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ሰማህ ወይ አለችኝ። ሰማሁ። ማን ጻፈበት? እንጃ አልኳት። እሱ ሶፋው ጫፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። እራት አልበላ አለኝ። ይኼ ሁሉ የሱ ጥፋት ነው... አይደለም?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ከሰርቨሩ እስከ እናትዬዋ አዲስ ኬብል በገዛ እጄ ዘረጋሁ። ባዶ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዕቃውን ለሸጠልን ድርጅት ደወልኩ። በድምፅዋ ትልቅ የምትመስል ባለሙያ አነሳች። ወንድሜ፣ የምታደርገውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ አለች። ነገርኳት። አዘጋጃታለሁ፣ ትጠፋለች፣ አበራታለሁ...

«ቆይ። ለምን ታበራታለህ?»

«ለማረጋገጥ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ካበራኋት እንደ አዲስ ስም ትይዛለች፣ ዝግጅቱ ይፈርሳል። ዝግጅቱ የፈረሰ ዲስክ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ከጠፋች በኋላ በቀጥታ በኔትወርክ ነው የምትነሳው፣ በራሷ ዲስክ አንዴም መነሳት የለባትም። ብዙ ሰው ይሳሳተዋል አለችኝ፣ እንዲቀለኝ ብላ።

አዲሱን ኬብል ነቅዬ የድሮውን መለስኩ። አዘጋጀኋት። ጠፋች። እጄን ኪሴ ከትቼ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ በኔትወርክ አስነሳኋት። ሲ ድራይቭ ቁልጭ ብሎ መጣ። በአርባ ደቂቃ ኢሜጁ አለቀ። በሱ ኬብል።



ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

«ነገ ጠዋት» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ጉድለት አለበት ያልኩት ኬብል የተቀየረ ነው የመሰለው። አየህ፣ ኬብሉ ነበር አለ። አላረምኩትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቤት ደግሞ የሚስቴ ወንድም ሥራው እንደተሳካ ሰምቶ እንኳን ደስ አለህ ጋሼ አለኝ። ከልቡ። ምነው በሰደበኝ። ራሴን ተጸየፍኩት። የሰው ማስቲካና ፎጣ ስጸየፍ ከርሜ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ነገርኩ። መጀመሪያ ለ«ነገ ጠዋት»። ኬብሉ ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ማላመጡን አቆመ። አንተው ጽፈህ አንተው ልትሽረው ነው? አለኝ። አዎ። በል በጽሑፍ አምጣ አለ። ጻፍኩ፣ አሁን ስም ጠቀስኩ፣ የራሴን። ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል ተባልኩ። ይድረስ።

ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ባሉበት ቤት ውስጥ ተናዘዝኩ። ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንጃ አልከኝ እኮ» አለች። ወንድሟ ልብሱን በፌስታል ሰብስቦ ጓደኛው ጋ ሄደ። ልሸኝህ ብለው እምቢ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አርባዎቹም ሠሩ። ተማሪዎቹ ተፈትነው ወጡ።

የሚስቴ ወንድም ዓርብ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ በቋሚነት። ቤት ግን አልመጣም። ሚስቴ ታናግረኛለች፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት...

ከፈተናው በኋላ ብቻዬን ሆኜ ክፍሉን ስዘጋ የሚስቴ ወንድም መጣ። የኬብል መፈተሻ መሣሪያውንና አንድ ወረቀት ይዟል። የአርባውንም ኬብል ቁጥር ጽፎበታል፣ ከየጎናቸው የፊርማ ቦታ። አንድ በአንድ ልፈትሽልህ፣ እያየህ ትፈርማለህ አለኝ።

አያስፈልግም፣ እኔ አምንሃለሁ አልኩት።

«እኔ አላምንህም» አለኝ።

አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ከመጀመሪያው ኬብል ጀመረ። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እፈርማለሁ፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። አርባ ጊዜ ፈረምኩ።