የወርቅ ሸራ ለማን?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 4

ዝናብ። ኦቶቡሱ ዘገየ። ከሰፈሬ ከሮቫ ጊሜል እስከ ሮቫ ቴት ቫቭ ቆሜ ሄድኩ። በዘበኝነት የምጠብቀው በር ላይ ስደርስ ካልሲዬ ርሷል።

የስልኩ የመርከብ ጨዋታ ባለቤቶች አዲስ ሕግ አወጡ። እስከ ዛሬ በየወቅቱ መጨረሻ የወርቁ የመርከብ ሸራ የሚሰጠው ከቡድኑ ብዙ ሰዓት ለተጫወተው አንድ ሰው ነበር። አሁን የቡድኑ መሪ ለፈለገው ይስጥ ተባለ። በቀን ጥቂት ደቂቃ ለሚጫወትም ቢሆን! ይሄ ፍርድ ነው? ሦስት ዓመት ዓይኔ እስኪቀላ በስልክ መርከብ ነድቻለሁ። እስካሁን የቡድን ጓደኛዬ ሻሌቭ በትንሽ ሰዓት እየበለጠ ወሰደብኝ። ዘንድሮ ግን አንደኛው እኔ ነኝ... መሪውም እኔ። ለራሴ እሰጣለሁ። ማን ምን ይለኛል?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ኦቶቡስ ላይ እትዬ ጌጥነሽ አጠገቤ ተቀመጡ። ሕፃናት ማቆያ ነው የሚሠሩት። የልጅ ልጃቸው ኤላይ ወታደር ሲሆን "ሳቭታ፣ አያቴ፣ እዚህ እንገናኛለን" ብሎ ጨዋታውን ጫነላቸው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ከቡድናችን አስገባኋቸው። የሚጫወቱት ጠዋት ጠዋት ኦቶቡስ ላይ ብቻ ነው፣ ሃያ ደቂቃ። ሲወርዱ ይዘጉታል።

ዛሬ ስልካቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ለማያውቁት ሰው እንጨት ያመላልሳሉ!

"አንቱ፣ ይሄ እኮ ነጥብ የለውም።"

"ወንፈል ነዋ። ዛሬ እኔ ለእሱ፣ ነገ እሱ ለእኔ። አገር ቤት አጨዳው በምን ይደርስ ነበር?"

"ሰውየው ያለው ብራዚል ነው። አንቱን በምን ያውቃል?"

"ቀኑ ሲደርስ ይመጣል።"

ሳቄን ዋጥኩት። ወንፈል በስልክ፣ በፔሌፎን!

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

በሦስት ቀን አሥራ አምስት ሰዓት ተጫወትኩ። ወገቤን...

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ጠዋት፣ ኦቶቡስ ላይ። ሻሌቭ ደወለ። "ታዬ፣ ወደባችንን ከበቡት! ስድሳ መርከብ! ጋማርኑ፣ አለቀልን!" እኛ አሥራ አንድ ነን። ወደቡ ከተያዘ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ሸራም የለ፣ ምንም የለ።

"ድረሱልኝ" የሚል ቁልፍ አለ። ጥሪው የሚደርሰው ራስህ ለረዳሃቸው ሰዎች ብቻ ነው። ነክቼው አላውቅም ነበር። ነካሁት። "ጥሪዎ ለ2 ሰዎች ደርሷል" አለኝ። ሁለት! አንዱ ሻሌቭ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ?

እትዬ ጌጥነሽ ፊቴን አዩት። "ምን ሆንክ ልጄ?" ነገርኳቸው።

"እንግዲያ ቀኑ ደርሷላ። የቱ ጋ ነው የሚጫነው?"

አሳየኋቸው። በራሳቸው ስልክ ተጫኑት። "ጥሪዎ ለ412 ሰዎች ደርሷል።"

በሥራ ቀን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው... ወደ ሁለት ዓመት።

መጀመሪያ በሰሜን በኩል አንዲት መርከብ ብቅ አለች። አሮጌ፣ የተጣጣፈች። ከዚያ ሦስት። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ብራዚላዊው መጣ! ከፊሊፒንስ፣ ከፖላንድ፣ ስሙን ማንበብ ከማልችለው አገር ሁሉ መጡ። አብዛኞቹ እኔ ዞር ብዬ የማላያቸው ትናንሽ መርከቦች ናቸው። ባሕሩ አልታይ አለ። የከበቡንን ከበቧቸው። ፀጉሬ ቆመ። "አምላኬ!" ብዬ ስጮህ ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

እትዬ ጌጥነሽ ግን "ይኸው መጡ" አሉና ስልካቸውን ቦርሳ ከተቱ። ፌርማታቸው ደርሶ ነበር። ሕፃናቱ ይጠብቋቸዋል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠላት ሸሸ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ወቅቱ እሑድ ያልቃል። ሸራውን ለእትዬ ጌጥነሽ ብሰጥስ? አልኩት ሻሌቭን።

"አበድክ እንዴ? እሳቸው በቀን ሃያ ደቂቃ፣ አንተ አምስት ሰዓት። ሎ ፌር፣ አግባብ አይደለም! የለፋ ሰው ምን ይበል?"

ልክ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። ሰዓት ከተቆጠረ ልክ ነው። ግን ያን ባሕር በየትኛው ሰዓት እቆጥረዋለሁ? ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚታየኝ... ሸራውን እፈልገዋለሁ። አሁንም በጣም እፈልገዋለሁ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ስልኬን አጠፋሁት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

ስማቸውን ተጫንኩት። ጣቴ እምቢ ብሎኝ ነበር።

"አንቱ፣ የወርቁን ሸራ ለአንቱ ሰጠሁ።"

"አይ፣ ላንተ ይሁን" ይሉኛል ብዬ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ እንዲሉኝም ተመኝቼ ነበር። እሳቸው ግን "እግዜር ይስጥልኝ። ምን ያደርጋል?" አሉ።

"መርከብዎ ከሁሉም ትፈጥናለች።"

"እንግዲያ ሩቅ ያለውም ዘንድ እደርሳለሁ።" ወዲያው እንጨት መጫን ጀመሩ።

በካርታው ጫፍ አንድ ጀማሪ አለ፤ ጎጆ እንኳ አልሠራም። የወርቁ ሸራ ደጁ ላይ ቆመ። ሰውየው ደንግጦ ጻፈ፦ "ተሳስተው ነው የመጡት? እርስዎን የመሰለ ሰው እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?" አነበብኩላቸው።

"ዛሬ ያንተ ተራ ነው በለው።"

ጻፍኩለት። ከዚያ የእኔንም መርከብ እንጨት ሞላኋትና ከኋላቸው ተከተልኩ።