ወለም ያለው ትንፋሽ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለእንዳላማው፣ ካርቱም። ፈጣሪ በሰው አገር እንደ ቤትህ ያኑርህ።

አዋጅ! ቀይዋ ዶሮ ከሦስት ወር ስንፍና በኋላ እንቁላል ጣለች።

የእናትህን የደብሪቱን ትንፋሽ ማጠር ጠይቀሃል። ወጌሻዋን ሀጀራን ከአምበር አመጣሁላት። ጎድኗን በቅቤ ስታሽላት እናትህ፣ «ወጌሻ ለወለምታ ነው፤ እኔ ምኔ ወለም አለ?» አለቻት።

«ትንፋሽሽ ነዋ!»

እናትህ እስክታለቅስ ሳቀች። ሀጀራም፣ «በሽታውን አልነቀልኩትም፤ ደረቷን ግን አላላሁላት» ብላኝ ሄደች። እሑድ እናትህ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳታርፍ ወጣችው። ስለዚህ ለእሷ ብለህ የጣሊያንን ኬላ አቋርጠህ እንዳትመጣ፤ ይልቅ ለብቻዋ ጻፍላት። የወጣህበትን መንገድ በሰላም መመለሻ ያድርግልህ።

አያትህ ታረቀኝ

«ሳታርፍ» ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው፤ ሁለቴ አርፋለች። አምና ግን ከቤቷ ደጃፍም አታልፍም ነበር።