ምክንያት፦ ለአየር ለውጥ

ረቡዕ፣ የካቲት 7

አሁንም ምንም የለም ይላሉ። ጉሮሮዋን በመብራት አዩ፣ ራጅ አነሱ፣ ደሟን ወሰዱ። ጥሩነሽ ግን ከአጥሚትና ከሾርባ በቀር የሚወርድላት የለም። እንጀራ ከጎረሰች ታላምጥ ታላምጥና ፊቷን አዙራ መሐረቧ ላይ ትተፋዋለች። "እዚህ ጋ ቆሟል" ትላለች፣ አንገቷን እየነካች። ሚስቴ ዓይኔ እያየ እያለቀች ነው።

ዶክተሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። እሷን ወደ ውጭ ላኩና "ሐዘን ነበረባችሁ?" አሉኝ። በሩን ዞር ብዬ አየሁ። ገባቸው መሰለኝ፣ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። "ከከተማ ያውጧት። ሜዳ ትይ፣ አራዊት ትይ፣ አየር ትለውጥ።" አንድ ኪኒን እንኳ ሳያዙልኝ ወጣሁ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ዕድሜ ልኬን አስተምሬ ሚስቴን ከደብረ ዘይት አሳልፌ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ጸሐፊዋ አዲስ ናት። የቤተሰብ ፋይላችንን አወጣችና ስማችንን ከዚያው ገለበጠች። መድረሻ፣ አዋሽ። ምክንያት፣ "ለአየር ለውጥ" አልኳት። ፈገግ አለች። ማኅተም ተመታ። ደጅ ወጥቼ ሳነበው ሦስት ሰው ነው የተጻፈው። እኔ፣ ጥሩነሽ፣ መክብብ።

ልጃችን መክብብ ከተገደለ ዓመት ሊሞላው ነው። ስሙን ከፋይሉ አላሰረዝኩም። ለማሰረዝ ምክንያት መሙላት አለ፤ በገዛ እጄ ልጄን "ፀረ አብዮት" ብዬ ልጽፍ ነው? ሳልጽፍ ቀረሁ፣ እነሱም ሳይጠይቁ ቀሩ፣ የቀበሌው የራሽን ስኳር ለሦስት ሰው ይሰፈርልናል። እንበላዋለንም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተመልሼ ላስተካክለው አሰብኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ብርድ ልብስ ሁለት። ቴርሞስ። የአጃ ዱቄት። ዳቦ፣ ለእኔ። የመክብብ ሹራብ፤ ይህን ያስገባችው ጥሩነሽ ናት፣ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በኩል "ሽርሽር ነው አሉ!" አሉን። ሊያስቁን ነው። እሳቸውም የሚስቁበት አንጀት የላቸውም።

አምና ለተገደሉት ልጆች ማልቀስ ሲከለከል ሰፈሩ ወንፊት ሊዋስ መጣ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። "ወንፊት አላችሁ?" ይሉና እጃችንን ጨብጠው፣ ወንፊቱን ሳይወስዱ ይሄዳሉ። ለቅሷችን ያ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ስትገደል እኔም ወንፊት ልዋስ ሄድኩ።

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ጥሩነሽ አፏን ስትከፍት አያታለሁ። በጩኸቱ ተከልላ ልታለቅስ ነው። ግን ቶሎ ያልፍባታል።

አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ። ሬሳውን ያየን ቀን አፏን በእጄ ያፈንኩት እኔ ነኝ። ታጣቂዎቹ በር ላይ ነበሩ። ጥርሷ መዳፌ ውስጥ ገባ። እሪታዋን ዋጠችው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መዋጥ አቃታት። ለዶክተሩ ይህን አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ኬላው ላይ አውቶቡሱን አስቆሙት። ወታደሩ መሸኛችንን አነበበ። "ሦስተኛው ሰው የታለ?"

"አሞት ቤት ቀረ" አልኩ።

"ያልመጣ ይሰረዛል" አለና በቀይ እስክሪብቶ መክብብ ላይ መስመር ሳበበት። ክፋት አልነበረውም። እኔ ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን እሱ ሳያውቀው ጨረሰው።

ጥሩነሽ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። አዋሽ እስክንደርስ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። ማታ አጥሚቱንም አልነካችው። ላድናት ብዬ ወስጄ ልገድላት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 11

ጠዋት የአዋሽ ፓርክ ዘበኛ ኦቦ ሮባ ይዘውን ወጡ። ዓይን እስኪደክመው ድረስ ቢጫ ሣር ነው። ከርከሮ አየን፣ ሰጎን አየን። ቀጥሎ ሳላዎች፣ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፤ አንዷ ግልገል አስከትላለች።

እኔ መምህር አይደለሁ? ሳላ ውኃ ሳይጠጣ እንዴት እንደሚቆይ ማብራራት ጀመርኩ። ጥሩነሽ አትሰማኝም። ግልገሉን ታያለች። መሸኛውን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ቀዩን መስመር በጣቷ ዳበሰችው። "መክብብ! መክብቤ!" ብላ ጮኸች።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ወደ አፏ። ያው እጅ!

ኦቦ ሮባ ክንዴን ያዙኝ። "ተዋት" አሉ። "እዚህ ቀበሌ የለም።" ጠመንጃቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁጭ አሉ።

አለቀሰች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ የሒሳብ ውጤቱን ሳይቀር እየጠራች ሙሾ አወረደች። እኔም አለቀስኩ። ሳላዎቹ ቀና ብለው አዩንና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ዓመት ሙሉ የሚያየኝን ዓይን ሁሉ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ የእነሱ ማየት ግን አልከበደኝም።

ፀሐይዋ ስትበረታ ኦቦ ሮባ ከኮዳቸው ውኃ ሰጧት። ጠጣችና "ራበኝ" አለች። ከዳቦዬ ቆረስኩላት። አራት ጊዜ ጎረሰች፣ አራቱንም ዋጠች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ መሸኛውን ለቀበሌ መለስኩ። ጸሐፊዋ ቀዩን መስመር አየችና ፋይሉም ላይ ሰረዘችው። ምክንያት አልጠየቀችም። ከዚህ ወር ጀምሮ ስኳራችን ለሁለት ሰው ነው። ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ።

ከሰዓት እትዬ በላይነሽ መጡ። "ወንፊት አላችሁ?"

ጥሩነሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ "አልቅሼ መጣሁ፣ እትዬ" አለቻቸው።

"ድምፅ አውጥተሽ?"

"ድምፅ አውጥቼ።"

"ማንም አልመጣብሽም?"

"ማንም።"

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ መሸኛው ላይ፣ ምክንያት የሚለው ጋ ምን ብለህ ነበር ያስሞላኸው?"

የመሸኛ ማመልከቻቸውን ጻፍኩላቸው። ጥሩነሽ "አብሬያቸው እሄዳለሁ" ብላለች፤ የእሷንም ስም ጨመርኩ። ይህን ስጽፍ አውሮፕላን አለፈ። ጥሩነሽ አፏን አልከፈተችም፤ እንጀራ እየበላች ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ነገ ይፈርምላቸው እንደሆነ እንጃ።