በቴሌቪዥን ያየኸው ሣጥኔ

ይድረስ ለልጄ ለዩንሸንግ፣ ሐምቡርግ።

እንዴት ነህ ልጄ? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይ? ምራቴ ሩዪስ ደህና ናት? የልጅ ልጄ ኒንኒን የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጨጓራዬም አደብ ገዝቷል። ስደውልልህ ማንሳት ስለተውክ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የላክልኝ ፊልም ደርሶኛል። «እማዬ፣ ገመናችንን ባዕድ ፊት ታወጪዋለሽ?» ብለህ የጻፍክበትንም ደጋግሜ አነበብኩት። የሥራ ባልደረቦችህ አይተውት ቀና ብለህ መሄድ እንዳቃተህ፣ ለአዲስ ዓመትም እንደማትመጣ ነግረኸኛል። መቆጣትህ ገብቶኛል፤ ግን እስቲ አንዴ ስማኝ።

ፊልሙን ልትቀርጽ የመጣችው ጋዜጠኛ ክፉ ሰው አልነበረችም። ረጅም ናት፣ በራችንን ጎንበስ ብላ ነው የገባችው፤ ያቀረብኩላትን ሾርባም አሟጣ ጠጣች። ስትመጣ በርበሬ እየጠበስኩ ነበር። የሬሳ ሣጥኔን ስታይ ደነገጠች። እኔ ሞኟ ደግሞ ልኩራበት ብዬ፣ በአገራችን ወግ ስልሳ ሲሞላኝ ልጄ ያሠራልኝ የረጅም ዕድሜ ሣጥን ነው፣ እንጨቱን ራሱ መረጠልኝ፣ ቤት የገባ ዕለት ርችት ተተኩሶ መንደሩ ሁሉ በላ ጠጣ አልኳት። በየዓመቱ ቀለም ሲቀባ ለባለቤቱ ዕድሜ ይጨምራል አልኳት። እየሳቅኩ ነበር የማወራት። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ፊልሙ ላይ የቀረው እንባዬን ስጠርግ ብቻ ነው፤ «መንግሥት የረሳት አሮጊት ከሬሳ ሣጥኗ አጠገብ ሞቷን ትጠብቃለች» ይላል ብለህ ተርጉመህልኛል። እኔ እኮ የማደልበው አሳማ አለብኝ፣ ለመሞት ጊዜ የት አለኝ!

ጎረቤታችን ሽማግሌው ታንግ ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ «አንቺ ሴትዮ፣ በቁምሽ ተለቀሰልሽ፤ ግብዣው መቼ ነው?» እያለ መከራዬን ያበላኛል።

ወሬው ወረዳ ሲደርስ የወረዳው ሰዎችም በተራቸው ካሜራ ይዘው መጡ። ሣጥኔን በቀይ ብርድ ልብስ ሸፍነው የበቆሎ ጆንያ ደረደሩበት። የጎረቤት ልጆች ሰብስበው የልጅ ልጆቼ አስመስለው ዙሪያዬን አስቀመጡ፣ ፖም በሳህን ቆለሉ። «እማማ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ፤ ምንም አልጎደለብኝም ይበሉ» አሉኝ። አልኩ። ሲሄዱ ፖሙንም ይዘውት ሄዱ። አገራችን ጉድ የላትም አልልህም፣ አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ያንተን ስጦታ ፊልሙ የጉዱ ማስረጃ ማድረጉ ግን ከንክኖኛል። እዚያ አልቃሻ ሆንኩ፣ እዚህ ሙሽራ። እዚህ ቤት ብቻዋን የምታድረውን ሴት ሁለቱም አልፈለጓትም።

እንባውን ለታንግም ለወረዳውም የበርበሬው ነው ብያቸው አምነውኛል። አንተን ግን አልዋሽህም። በርበሬው ከእሳት ከወረደ ቆይቶ ነበር። ጋዜጠኛዋ ካንተ ከተማ እንደመጣች ስትነግረኝ፣ «ልጄን ዩንሸንግን ታውቂዋለሽ? መነጽር ያደርጋል» አልኳት። አብሯት የመጣው አስተርጓሚ ሳቀብኝ። እሷ አልሳቀችም፤ ከተማው ትልቅ ነው፣ አላውቀውም አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጥያቄዬን ቆርጠው ጣሉት፣ እንባዬን አስቀሩት።

የሣጥኑ ቀለም ደብዝዟል። ታንግ ልቀባልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ይኼ የልጄ ሥራ ነው። ብሩሹ አንተ የሰቀልክበት ምስማር ላይ አለ። ናፍቀኸኛል ልጄ፤ ሰው ያለውን ይበል፣ ለአዲስ ዓመት ና።

ሩዪን እናትሽን እጅግ ናፍቀሻታል በልልኝ፤ የምትወደውን የደረቀ ሥጋ ከምድጃው በላይ ሰቅዬላታለሁ። ታንግም እየተሳደበ ሰላም ብሎሃል። ኒንኒንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ፊልሙን አታሳያት፤ ድንገት ካየችው ግን፣ አያትሽ በርበሬ እየጠበሰች ነው በላት።

እናትህ ሹዪን
ሺቺያዎ መንደር፣ ሲቹዋን
በአሥራ አንደኛው የጨረቃ ወር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን