ለትምህርት የተነፋው ጥሩንባ

እታለም፣ እየሳቅሁ የምጽፍልሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይኼ ነው።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ስትሄጂ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ ይኸው ዘንድሮም የቢቸና ዙሪያ ሁሉ ነዶ በነዶ ሆኗል። እናታችን ለሙት ዓመትሽ ጠላ እየጠነሰሰች ነው።

የክርክር ክበቡን ቀን ታስታውሻለሽ? መምህራችን «የአንድ አገር መንግሥት ቢፈርስ ምን ይከተላል?» ብለው ሲጠይቁ ሌላው ሁሉ ስለ ጦርነትና ስለ ረኃብ አወራ። አንቺ ግን ተነሥተሽ፣ «መጀመሪያ ሰው በሩን ይዘጋል፤ ቀጥሎ ጨው ያልቃል፤ ከዚያ ጨው ፍለጋ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል» አልሽ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ወይዘሮ ጨው» ተብለሽ የቀረሽው ያን ቀን ነው። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁብሽ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ መንግሥቱ እውነትም ፈረሰና እንዳልሽው ሆነ። ቢሮዎቹ ተዘጉ፣ ስልኩ ጠፋ፣ መንገዱ ተቋረጠ፤ የትምህርት ቤታችንም በር ተቆለፈ። ሰው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ጨውም አለቀ። አንቺ ግን ሦስተኛውን፣ የጎረቤት በር ሲንኳኳ፣ ሳታዪ ትኩሳቱ ጣለሽ። የአባታችን ወዳጅ፣ የሞጣው ነጋዴ ጋሽ ሰይድ፣ መድኃኒትሽን ይዘው በበቅሎ ሲደርሱ እኛ ከቀብርሽ ተመልሰን ነበር። መድኃኒቱን እንደያዙ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሰው በሩን የከፈተው ለአንቺ ቀብር ነው። ጎረቤትና ጎረቤት ከወራት በኋላ የተያየው በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። ከሐዘኑ ሲነሡም እንዲሁ አልተበተኑም። ወፍጮውን ማን እንደሚጠብቅ፣ ምንጩን ማን እንደሚጠርግ፣ የተጣላን ማን እንደሚያስታርቅ እዚያው ተነጋገሩ። ጋሽ ሰይድም ጨው እየጫኑ መመላለስ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ለእናታችን ሲሰጧት፣ «ይኼ የወይዘሮ ጨው ድርሻ ነው» አሏት።

እኔ ግን ትምህርት በቃኝ ብዬ ነበር። ቢከፈት እንኳ ያን መንገድ ያለ አንቺ አልሄደውም አልሁ። የእድሩ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥርም ጆሮዬን ይዤ ጓሮ እገባ ነበር፤ ሞትሽን ለመንደሩ የተናገረው እሱ ነውና።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ እንደገና ተነፋ። ለካ የእድሩ ዳኛ ጥሩንባ ነፊያችንን ጋሽ አንማውን፣ «ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ልጆቹ በእድሩ ድንኳን ሊማሩ ነውና ንገርልን» ብለዋቸው ኖሯል። ጋሽ አንማው ዕድሜ ልካቸውን ለቀብር እንጂ ለሌላ ነፍተው አያውቁም፤ እንደለመዱት አስረዝመው፣ አሳዝነው ነፉት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ማን ይስማ! መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ንፍሯቸውን ተሸክመው ከፊት ደረሱ።

«ማነው? ማነው የሞተብኝ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ትምህርት ተጀመረ ነው ያልሁት።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰኝ፣ አንተ ሽማግሌ! ይኼን ሁሉ ንፍሮስ ምን ላድርገው?»

«ልጆቹ ይብሉታ!»

መጀመሪያ እልል ያለችው ማን መሰለችሽ? እናታችን። ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ከፍ ያላደረገችው እናታችን! ነጠላዋን እዚያው መንገድ ላይ ገልብጣ በደንቡ ለበሰችው። እትዬ የሺ ንፍሮውን ለልጆቹ እያፈሱ ጋሽ አንማውን እስከ ምሳ ሰዓት ተሳደቡ።

እኔ ለመሳቅ ብቻ ነበር የሄድሁት። ድንኳኑ ተተክሏል፤ መምህራችን ጋሽ ሰይድ ባመጡት ጠመኔ ይጽፋሉ። አንድ ወንበር ሳብሁ። ጀርባው ላይ በቀለም ሰባት ቁጥር ተጽፏል፤ አንገቱ የተጣመመ ሰባት። አባታችን የእድሩ ጸሐፊ ሲሆን ወንበሮቹን ቁጥር የቀባሽለት አንቺ አልነበርሽ? ያንን ሰባት የትም ባየው አልስተውም። ተመልሼ ልሄድ አልቻልሁም። ተቀመጥሁ፤ ደብተርም ለመንሁ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀን አልቀረሁም።

እታለም፣ አሁን ጥሩንባ ሲነፋ ጆሮዬን አልይዝም፤ ምን እንደሚል እሰማለሁ። ሰባት ቁጥር ወንበርሽ ላይ እኔ እንጂ ሌላ ተማሪ አይቀመጥም። ቀብር የመጣ ቀን ብቻ ለሐዘንተኛው እለቅለታለሁ፤ ያን ጊዜም ቁጥሩን የጻፈችው ማን እንደሆነች ነግሬ ነው።

ወንድምሽ