አንድ በአንድ፣ ስም እየተጠራ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

የደባርቅ ብርድ ገብቷል። ጠዋት ቧንቧው ውርጭ ይዞት ውሃ የለም። ክፍል ውስጥ ደግሞ የመስሚያዬ ባትሪ አለቀ። ከፊት የተቀመጠችው ተማሪ ጆሮዋን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። ለካ እነሱ ከእኔ ቀድመው ነው የሚያውቁት! የቀረውን ሰዓት እኔ ብቻ አወራሁ። ጥያቄ የለም፣ መልስ የለም። አስተማሪነት ለዚህ ለዚህ ይመቻል።

ከሰዓት ኢሜይል ደረሰኝ። የዘር ድንች ጥናቴን ተቀብለውታል። ወሩ ሳያልቅ በኦንላይን ጉባኤው ላይ አቅርቢ ይላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ኢሜይሉን ዘጋሁት።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

መልስ አልጻፍኩም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ምስክር ደረሰበት። ኮምፒውተር የሚያስተምረው፣ ቢሮ የምንጋራው ልጅ። ሲያናግረኝ ሁልጊዜ ዞሮ ከፊቴ ይቆማል፤ ስለዚህ ከእሱ ማምለጥ አይቻልም።

«እምቢ ልትይ ነው አይደል?»

«ሥራ በዝቶብኛል።»

«የምን ሥራ?»

የአምናውን ያውቃል። ያኔም ጉባኤው በኦንላይን ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የያዘኝ ማጅራት ገትር ግራ ጆሮዬን ሙሉ በሙሉ፣ የቀኙን ደግሞ አብዛኛውን ወስዶብኛል፤ ግን ከንፈር አይቼ እገባበታለሁ ብዬ ተማመንኩ። የምን ከንፈር! ምስሉ ይቆማል፣ ሲቀጥል ሌላ ሰው ነው የሚያወራው። ሁለት ሦስት ሰው ባንዴ ይናገራል። አንዱ ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ፊቱ ጥቁር ሆኗል። ጥያቄ ቀረበልኝ። ስለ ድንቹ በሽታ የተጠየቅሁ መስሎኝ ስለ በሽታው መለስኩ፤ አርዝሜ፣ አሳምሬ። የተጠየቅሁት ስለ መጋዘኑ ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ሰብሳቢው «እናመሰግናለን» አለ። ይህችን ቃል ደግሞ ከማንም ከንፈር ላይ አነባታለሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ሁለተኛ እዚያ ብገኝ ብዬ ማልኩ። አሁን ግን... ካላቀረብኩ የዘር ድንቹ ሙከራ ይቆማል። የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ የሚደግፉት ሰዎች ጉባኤው ላይ ሰምተው፣ ጠይቀው ነው የሚወስኑት። ዳባት ያሉት ሴት ገበሬዎች፣ እነ ዘቢደር፣ ብርሃን የሚገባበትን የዘር መጋዘን በገዛ እጃቸው ጭቃ መርገው ነው ያቆሙት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘራቸው ሳይበሰብስ ከረመ። ምን ልላቸው ነው? አፈርኩ ልበል?

ኅዳር 9፣ ሰኞ

«በግል ጉዳይ ምክንያት...» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ። ምስክር በትከሻዬ በኩል እያነበበ ኖሯል፣ ባለጌ። ዞሮ መጣና «እውነቱን ብትጽፊውስ?» አለኝ።

እውነቱን ጻፍኩት። ለአዘጋጇ፣ ለዶክተር ሃና። ጆሮዬ በደንብ አይሰማም፤ አምና ያን መልስ የሰጠሁት ጉዳዩን ሳላውቀው ቀርቼ ሳይሆን ጥያቄውን ሳልሰማው ነው፤ ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ አልገኝም... ላክሁት። ከዚያ እስከ ማታ ኢሜይሌን መክፈት ፈራሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

መለሰችልኝ። «አምና እኔም ነበርኩ። ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምን ብናደርግ ትሰሚያለሽ? ንገሪንና እናድርገው።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጉባኤው የእናንተ፣ ሐሳቡ የእኔ? ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው... በእርግጥ ምን ብታደርጉ ነው የምሰማው? የምልክት ቋንቋ አልችልም፤ የደነቆርኩት አዋቂ ሆኜ ነው። ምስክር ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር ስልኬ ላይ ጫነና ስለ ድንች ተናገረበት። የጻፈውን አብረን አየነው። እንኳን ድንች፣ ቃል የሚባል ነገር የለበትም።

«በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነበር» አለ እያፈረ።

በሳቅ ሞትኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ያው ነኝ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዛሬ ጾሙ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዕድር ስብሰባ ነበር፣ እቃ ቤቱ ፊት ለፊት። ብዙ ሰው መጥቷል። እማማ አመተ ማርያም ብቻ የሉም፤ ዳሌያቸውን ከተሰበሩ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም።

ጉዳዩ ድንኳኑ ነው። አርጅቷል፣ ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደርቤ እንደ ልማዳቸው ፀሐዩ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ሆነው ተቀመጡ። እጅ ላወጣው ሰው ከዘራቸውን ይቀስሩና ስሙን ይጠራሉ። ሰውየው ይነሳል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል። ከዚያ እሳቸው ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «ስሜነህ ያለው ይህ ነው፦ ሸራው ቢጣፍ ክረምቱን ይወጣል።» ቀጣዩን ይጠራሉ። ሳይጠራ የተናገረ አግዳሚዎቹን ተሸክሞ እቃ ቤት ያስገባል። ጎረቤታችን ደርበው ዛሬም አላስቻለውም፤ «ኧረ ተቀዷል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ከዘራው ወደ አግዳሚው ዞረ። ሰዉ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ። ሳቅሁ! ከሰዉ እኩል፣ በጊዜው። ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ አውቃለሁ። ከመታመሜ በፊት ዕድር ሄጄ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን፣ ከንፈር ማንበብ ካልለመድኩበት ከመጀመሪያው ቀን በቀር፣ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ስብሰባ ሳይገባኝ የተመለስኩበት ቀን የለም። እንዴት ልብ ሳልለው ቀረሁ? ምን ቢያደርጉ ትሰሚያለሽ አይደል ሃና ያለችኝ?

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለሃና ጻፍኩ። «በእኛ ዕድር ወግ ሰው የሚናገረው አንድ በአንድ፣ ስሙ እየተጠራ ነው። ሰብሳቢው ፊቱን ብርሃን ላይ አድርጎ የተባለውን ይደግማል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጥያቄውን ደግሞ ቻት ላይ ጻፉልኝ።» አግዳሚ መሸከሙን ተውኩላቸው። እዚያ ምን ያሸክማሉ?

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ተነጋግሮበታል። አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር «ጊዜ ይበላል፣ ጉባኤ ነው ወይስ የዕድር ስብሰባ?» ብለው ተቃውመዋል። ሃና ደግሞ በየቀኑ የሚቀርቡትን ጥናቶች ቀነስ አድርጋ ሁለት ቀን የነበረውን ሦስት ቀን አደረገችው። የኔ እህት... አይቻት እንኳ አላውቅም።

ይህን ስትናገር ሌሎችም አፋቸውን ፈቱ አለችኝ። አንድ ማየት የተሳነው መምህር፣ ስላይድ ላይ ያለው ሥዕል በቃል ይነገረኝ አለ። መካነ ብርሃን የሚሠራ ታደለ የሚባል የግብርና ባለሙያ ኔትወርኩ ምስል ስለማይችልለት ዱሮም በድምፅ ብቻ ነበር የሚከታተለው፤ ማን እንደሚናገር ሳያውቅ። እሱም ስም ይጠራልኝ አለ። እኔ ብቻዬን መስሎኝ...

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ልምምድ። ምስክር ጠያቂ፣ እኔ መላሽ። ክፉ ክፉ ጥያቄ ያመጣል። የድንቹን ፎቶ ለማያይ ሰው እንዴት ልንገረው? ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፦ «አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣ ድንች፤ ጨለማ ውስጥ የከረመው ግን ቀጭን፣ ነጭ፣ ረጅም።» ምስክር «አሁን ገና ገባኝ» አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ፎቶውን እያየ ሳይገባው ነበር ማለት ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ነገ ነው። አመመኝ ብል ማን ያውቃል? ዘቢደር ከዳባት ደውላ ኖሮ ምስክር አነሳላት። «እንኳን እሷ እኛም እንቅልፍ የለንም፤ አይዞሽ በላት» ብላለች አለኝ። አሁንማ መቅረት የለም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ተራ በተራ ልጻፈው።

ጠዋት መብራት ጠፋ። ኮሌጁ ጨለማ። ምስክር ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ፣ እኔ ከኋላው፣ ወደ ፓርኩ የሚወጡ እንግዶች ወደሚያርፉበት ሆቴል ሮጥን። ጄኔሬተር አላቸው። ባለቤቷ ሁኔታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ አንድ ጥግ ሰጠችን። ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ምስክር ጆሮውን ይዞ ምጥ እንደያዛት ሴት ፊቱን አጨማደደ። እኔ? ምንም! መስሚያዬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን አመሰገንኩት፤ ለምስክር ደግሞ አዘንኩለት።

አቀረብኩ። የድንቹን ጉንቁል በቃል ተናገርኩ። ከዚያ ጥያቄ... የሃና ፊት ስክሪኑን ሞላው፣ ብርሃን ላይ። «ጠያቂው ታደለ ነው፣ ከመካነ ብርሃን» አለች ቀስ ብላ። «ታደለ ያለው ይህ ነው፦ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው ማን ነው?» ቻቱ ላይም ወጣ።

የመጋዘኑ ጥያቄ! እንደ አምናው የመጋዘን። ሳቄ መጣ። ቁልፉን ሴቶቹ በየተራ እንደሚይዙት፣ ባሎቻቸው በመጀመሪያ እንዳልተስማሙ፣ ዘሩ ሳይበሰብስ ሲያዩ ግን ዝም እንዳሉ... ሁሉንም ተናገርኩ። ሌላ ጥያቄ መጣ፣ ሌላም። የተጠየቅሁትን መለስኩ። የተጠየቅሁትን! ሌላ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ይገባው ይሆን?

በመሀል ያ አንጋፋ ፕሮፌሰር ሳይጠሩ ጀመሩና ቆም ብለው ስማቸውን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ቻቱ ላይ ጻፉ፦ «ዘንድሮ ጥያቄዎቹን በሙሉ ሰማሁ። ጆሮዬ በዕድሜ እንደደከመ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።» ሃና ደግሞ «ይህን ሥርዓት ያገኘነው ከደባርቅ፣ ከአንድ ዕድር ነው» አለች። ምስክር ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

ተመስገን። ለሁሉም ተመስገን።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ጋሽ ደርቤን ላመሰግን ሄድኩ። ወግዎ በጉባኤ ተወደሰ ልላቸው። ለልቅሶ ወጥተዋል። ባለቤታቸው እትዬ በለጠች ብቻቸውን ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ የዕድራችን ወግ እንዲህ ሆነ ብዬ።

እጃቸው ቆመ። ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ወግ? የምን ወግ ልጄ! ድሮማ ሁሉም ባንድ አፍ ሲንጫጫ አይደል የሚመሽ።»

«እንዴ... ከመቼ ጀምሮ ነው ታዲያ?»

«አንቺ ታመሽ ከጎንደር የተመለስሽ ጊዜ ነዋ። ከኋላ ተቀምጠሽ ራስሽን ስትነቀንቂ እሳቸው አዩሽ። የዚያን ለት ማታ እህል አልቀምስም አሉ። ‹ልጅቱ ምንም ሳይገባት እሺ እሺ ትላለች በለጠች፤ ሰው መሀል ሆና ብቻዋን ናት› አሉኝ። በወሩ ይህን ሥርዓት አመጡ። ለሰዉ ‹አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ፣ ቀስ እያላችሁ› አሉ። እሳቸው ምን ይረሳሉ! የሰርጋችን ለት የዘነበውን ዝናብ ሳይቀር ያወራሉ።»

«ሰዉ ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ለሷ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ይከፋታል ብለው አስጠነቀቁ። ደርበውም ያውቃል፤ አፉ ነው እንጂ የማያርፍለት።»

መንገድ ላይ አለቀስኩ። የት ድረስ እንዳለቀስኩ አላውቅም። አራት ዓመት! ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ደርበው ለእኔ አግዳሚ ሲሸከም... እኔ ወግ ነው ብዬ ለዶክተር ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ሙከራው ይቀጥላል። ለዘቢደር በምስክር አስደወልኩ። ዕልልታዋን እኔም ሰማሁት መሰለኝ... ወይም የምስክር ፊት ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ዕድር። ቀደም ብዬ ሄድኩና ጋሽ ደርቤን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ጋሽ ደርቤ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው...»

«ኧረ ወዲያ! ለራሴ ነው፤ እረሳለሁ እኮ።»

«ሰርግዎ ለት ዘንቦ ነበር?»

«እንዴታ፣ በረዶም ጭምር...» ብለው አቆሙ። ከዘራቸውን አዩ። «ይቺ በለጠች!»

እጃቸውን ሳምኩ። እንቢ እያሉ፣ ራሴን ሳሙኝ።

ስብሰባው ተጀመረ። አራት ዓመት እዚያ ስቀመጥ ሰምቻለሁ እንጂ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ለካ ማንም አልከለከለኝም። እጄን አወጣሁ። ከዘራው ለትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆመና ወደኔ ዞረ።

«ሰብሌ!»

ተነሳሁ። እማማ አመተ ማርያም ከተኙ ወዲህ ዕድሩ ምን እንደሚል አይሰሙም፤ በስልክ ይስሙ፤ ስልኩ ከጋሽ ደርቤ አጠገብ ይቀመጥ፤ ማገናኘቱን ከምስክር ተምሬአለሁ... እንዲህ አልኩ። ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ አላውቅም። ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደርቤ ቀና አሉ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። «ሰብሌ ያለችው ይህ ነው» ብለው ጀመሩ። ያልኩትን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድሉ፣ ከከንፈራቸው ላይ መልሼ አነበብኩት።

«እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ ደርበው፣ ሳይጠራ። ከዘራው ወደ አግዳሚው ዞረ።

ስብሰባው ሲበተን አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፤ ሌላውን እኔ።